የእናቶችን ጨዋታ ያዳመጡት የዓይን ሐኪም

አሜሪካ ኮሌጅ ስንገባ ከሚጠየቁን ወረቀቶች አንዱ የኤም ኤም አር ክትባት ማስረጃ ነው። ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው ካርድ ላይ ኩፍኝ የሚል ተጽፎ እያለ ይኼ አይበቃም ተብለን እንደገና የተወጋን ብዙ ነን። ኤም ኤም አር ለሦስት በሽታዎች የሚሰጥ ክትባት ነው፤ ለኩፍኝ፣ ለጆሮ ደግፍና ለሩቤላ። ሦስተኛውን ብዙዎቻችን በስሙም አናውቀውም። አንዳንዶች የጀርመን ኩፍኝ ይሉታል። ቀለል ያለ ትኩሳት፣ ከጆሮ ኋላ የሚያብጥ ንፍፊት፣ ሦስት ቀን ገደማ የሚቆይ ሽፍታ፣ ከዚያ በኋላ ደህና መሆን ነው። ጭራሽ ሳይታወቃቸው የሚያልፋቸውም አሉ። ታዲያ እንዲህ ላለ ቀላል ነገር ክትባት ለምን አስፈለገ? የዚህ ጥያቄ መልስ በአንድ አውስትራሊያዊ የዓይን ሐኪም ሕይወት ውስጥ ስላለ ዛሬ የእሳቸውን ታሪክ ላጫውታችሁ።

ኖርማን ማክአሊስተር ግሬግ የተወለዱት ማርች 7 ቀን 1892 በሲድኒ ከተማ፣ በርውድ በሚባል ሰፈር ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በሲድኒ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምረው በ1915 በከፍተኛ ማዕረግ ተመረቁ። ስፖርተኛም ነበሩ፤ የትውልድ ግዛታቸውን ኒው ሳውዝ ዌልስን ወክለው ክሪኬትና ቴኒስ ተጫውተዋል። የክሪኬትን ሕግ ግን ከእኔ አትጠብቁ። ከሕንድና ከፓኪስታን ልጆች ጋር ሦስት ዓመት ዶርም ተጋርቼም አልገባኝም።

የተመረቁት በጦርነት ዘመን ስለነበር ወዲያው ወደ እንግሊዝ ተሻግረው በብሪታንያ ጦር የሕክምና ክፍል ገቡ፤ በግንባር ባሳዩት ጀግንነትም ሚሊተሪ ክሮስ የተባለውን ሜዳይ ተሸለሙ። ከጦርነቱ በኋላ የዓይን ሕክምና ለመማር እንደገና እንግሊዝ ሄደው በለንደኑ ሙርፊልድስና በበርሚንግሃም የዓይን ሆስፒታል ሠለጠኑ። በ1923 ሲድኒ ተመልሰው ትዳር መሠረቱ፣ ክሊኒክ ከፈቱ፣ በሮያል ፕሪንስ አልፍሬድ ሆስፒታልና በከተማው የሕፃናት ሆስፒታልም መሥራት ጀመሩ። የሚቀጥሉት 18 ዓመታት ለታሪክ ጸሐፊ ብዙ የሚሰጡት ነገር የለም። በከተማው የታወቁ ጥሩ የዓይን ሐኪም ነበሩ፤ እዚያ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ዛሬ እኛ ስማቸውን አናነሳም ነበር።

በ1941 መጀመሪያ ላይ ግሬግ አንድ ያልለመዱት ነገር አስተዋሉ። የዓይን ሞራ ግርዶሽ ያለባቸው ጨቅላ ሕፃናት በላይ በላዩ ይመጡላቸው ጀመር። ሞራ በአብዛኛው የሽማግሌና የአሮጊት በሽታ ነው። ከሞራ ጋር የሚወለድ ልጅ አልፎ አልፎ ያጋጥማል፤ ይህ ግን ከልክ ያለፈ ነበር። ደግሞም ሞራው ራሱ ለየት ይላል፤ የዓይኑ ብሌን መሐል ድፍን ነጭ ሆኖ ዳር ዳሩ ላይ ጠራ ይላል። አብዛኞቹ ሕፃናት ሁለቱም ዓይናቸው የተያዘ፣ ሰውነታቸው የቀጨጨ፣ ጡትም ሆነ ጡጦ በደንብ የማይስቡ ነበሩ። ብዙዎቹ የልብ ችግርም ነበረባቸው።

እዚህ ላይ የግሬግን ብልህነት የሚያሳይ አንድ ነገር አለ። የዓይን ሌንስ የሚያድገው እንደ ሽንኩርት ነው፤ መጀመሪያ የተሠራው ክፍል መሐል ይቀራል፣ አዲሱ በላዩ ላይ ይደረባል። ስለዚህ መሐሉ ነጭ ሆኖ ዳሩ የጠራ ሌንስ ጉዳቱ መቼ እንደደረሰ ይናገራል፤ ገና ሌንሱ መሠራት ሲጀምር፣ ማለትም በእርግዝና የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። ግሬግ ይህንን ካዩ በኋላ ያ ሰሞን ለእናቶቹ ምን እንደነበር መጠየቅ ነበረባቸው።

እንደሚተረከው ከሆነ ፍንጩን የሰጧቸው ራሳቸው እናቶቹ ናቸው። ሁለት እናቶች ልጆቻቸውን ታቅፈው ተራ ሲጠብቁ ይጫወታሉ። አንዷ ነፍሰ ጡር ሳለች ሩቤላ ይዟት እንደነበር ታነሳለች፤ ሁለተኛዋ እኔንም ይዞኝ ነበር ትላለች። ግሬግ ሰሙ። በ1940 አውስትራሊያ ውስጥ ከባድ የሩቤላ ወረርሽኝ ነበር፤ ለጦርነቱ በካምፕ የተሰበሰቡት ወጣቶች ያዛቸው፣ ወደ ቤተሰብም ዘለቀ። ግሬግ ከዚያ በኋላ የሚመጡትን እናቶች ሁሉ ስለዚያ ሽፍታ ጠየቁ፤ በሌሎች ከተሞች ላሉ የሙያ ጓደኞቻቸውም እንዲሁ እንዲጠይቁላቸው ጻፉ።

ኦክቶበር 15 ቀን 1941 ሜልበርን ላይ በአውስትራሊያ የዓይን ሐኪሞች ማኅበር ስብሰባ ጽሑፋቸውን አነበቡ። 78 ሕፃናት ተመዝግበዋል፤ ከእነዚህ 13ቱ የራሳቸው ታካሚዎች ሲሆኑ የቀሩት በሌሎች ሐኪሞች የታዩ ነበሩ። የ68ቱ እናቶች በእርግዝና ጊዜ፣ አብዛኞቹ በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ወር፣ ሩቤላ ይዟቸው እንደነበር ተናገሩ። የቀሩትን 10 ግሬግ አልደበቋቸውም። በሽታው ቀላል ስለሆነ ሳይታወቅ ሊያልፍ ወይም ሊረሳ ይችላል ብለው ገመቱ። ሌላም ነገር አከሉ፤ አሁን ያልታየ ጉዳት ልጆቹ ሲያድጉ ሊገለጥ ይችላልና ነገሩ በዚህ አበቃ ማለት አይቻልም አሉ።

እንዳሉትም ሆነ። ልጆቹ አፍ የሚፈቱበት ዕድሜ ደርሶ ሳይናገሩ ሲቀሩ ብዙዎቹ መስማት እንደማይችሉ ታወቀ። በ1943 ቻርልስ ስዋን የተባሉ ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር በደቡብ አውስትራሊያ ባደረጉት ጥናት የግሬግን ግኝት አጸኑ፤ ከሞራውና ከልቡ ጋር የመስማት ችግሩንም መዘገቡ። ዛሬ እነዚህ አንድ ላይ ከውልደት ጋር የሚመጣ የሩቤላ ሲንድረም ይባላሉ። ሞራ፣ ልብና ጆሮ በየመማሪያ መጽሐፉ አሉ። በዓይን ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የተለመደው ምልክት ግን ሞራ አይደለም፤ ከሞራው በስተጀርባ ያለው ነው።

ሬቲና ዓይናችንን ከውስጥ በኩል የሚያለብሰው፣ ብርሃን የሚቀበለው ስስ ሽፋን ነው። ከሥሩ ቀለም ያዘሉ ሕዋሳት ተደርድረው ይመግቡታል። በሩቤላ የተጎዳ ሬቲና ላይ ይህ ቀለም እኩል አይሰራጭም፤ አንዱ ጋ ይጠራቀማል፣ አንዱ ጋ ይሳሳል። ሐኪሞች ጨውና ቁንዶ በርበሬ የተነሰነሰበት ይመስላል ይላሉ። (የእኛን ቀይ በርበሬ እንዳታስቡ፤ ጥቁሩ ነው።) ግሬግ በመጀመሪያዎቹ ሕፃናት ይህን ለማየት የሚችሉበት መንገድ ጠባብ ነበር። የዓይን ውስጥ መመልከቻው ኦፍታልሞስኮፕ ከ1851 ጀምሮ አለ፤ ነጭ ሌንስ ከፊት ከተደቀነ ግን ምንም መሣሪያ አሻግሮ አያሳይም። ብሌኑን በአትሮፒን ጠብታ ለማስፋት ሲሞክሩም የእነዚህ ሕፃናት ዓይን እንደ ሌላው ሕፃን አይከፈትም ነበር። በቀጣዮቹ ዓመታት፣ ሞራቸው የተነሣላቸው ልጆችና ሞራ ጨርሶ የሌለባቸው መስማት የተሳናቸው ልጆች ሲመረመሩ፣ ያ የተነሰነሰ ቀለም በብዙዎቹ ሬቲና ላይ ተገኘ።

ይህ ለምን እንደሚጠቅም የገባኝ ከመጽሐፍ አይደለም። በዓይን ክሊኒክ በተለማማጅነት ስሠራ በ1965 አሜሪካ የተወለደች፣ ከልጅነቷ ጀምሮ የማትሰማ ሴት ከምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ጋር መጣች። መነጽር ልትቀይር ነበር። ወጣት ሳለች አንድ ሐኪም ሬቲናዋን አይቶ ቀስ በቀስ መታወርሽ አይቀርም ብሏት ኖሮ ዕድሜዋን ሙሉ ያንን ቀን ስትጠብቅ ኖራለች። ለምን እንዲህ እንዳላት መገመት ይቻላል። አሸር ሲንድረም የሚባል በዘር የሚተላለፍ ሌላ በሽታ አለ፤ እሱም ጆሮን ያደነቁራል፣ እሱም ሬቲና ላይ ጥቁር ቀለም ይበትናል። በአሸር የተያዘ ሰው መጀመሪያ በጨለማ ማየት ያቅተዋል፣ ከዚያ እይታው ከዳር ወደ መሐል እየጠበበ ይሄዳል። ለማይሰማ ሰው፣ በእጅ ለሚነጋገር ሰው፣ ዓይን ማጣት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

ሁለቱን የሚለይ ምርመራ አለ። ኤሌክትሮሬቲኖግራም ይባላል፤ ለዓይን የብርሃን ብልጭታ እየተሰጠ ሬቲናው የሚመልሰው ኤሌክትሪክ ይለካል። በአሸር ምላሹ ይደክማል ወይም ጨርሶ ይጠፋል። በሩቤላ ግን ሬቲናው ምንም ያህል ተዥጎርጉሮ ቢታይ ምላሹ ጤነኛ ወይም ለጤነኛ የቀረበ ነው፤ እይታም ባብዛኛው ሳይጎዳ ይኖራል። አልፎ አልፎ ብቻ፣ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ ከሬቲናው ሥር አዲስ ደም ሥር በቅሎ መሐሉን ሊጎዳ ስለሚችል ክትትል አይቀርም። የሴትየዋ ውጤት ጤነኛ ነበር። አስተማሪዬ ሐኪም እናትሽ አርግዛሽ ሳለች ሽፍታ ይዟት ነበር ወይ ብላ ጠየቀቻት። ነበር፤ እናቷ ደጋግማ ታወራው ነበር፣ ማንም ግን ጽፎት አያውቅም። አስተርጓሚው አይታወርም የሚለውን ሲተረጉምላት እጆቿ መሐል መንገድ ላይ ቆሙ፤ እንደገና በል አለችው። ያን ቀን ማታ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ግሬግ የሚባል ስም ፈለግሁ።

ወደ እሳቸው ልመለስ። አገራቸው ቶሎ ተቀበለቻቸው፤ ዓለም ግን ጊዜ ወሰደ። ላንሴት የተባለው የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት በ1944 ነገሩ ገና አልተረጋገጠም የሚል አቋም ያዘ። ለፍርድ ያህል፣ ጥርጣሬው መሠረት ነበረው። ግሬግ የቆጠሩት የታመሙ ልጆችን ብቻ ነው፤ በእርግዝና ሩቤላ ይዟቸው ጤነኛ ልጅ የወለዱ ስንት እንደሆኑ ከጽሑፋቸው አይገኝም። ማስረጃቸውም ወደ ኋላ ተመልሶ የተጠየቀ የእናቶች ትዝታ ነው። የስታቲስቲክስ ኮርስ የወሰደ ተማሪ ሁሉ ይህን ቀዳዳ ያገኘዋል። ነገር ግን ከዚያ ጥርጣሬ ጀርባ ሌላም ነገር ያለ ይመስለኛል። የዚያ ዘመን ሐኪም ከውልደት ጋር የመጣ ጉዳት ሁሉ ከዘር ነው ብሎ ተምሯል፤ ማኅፀን የታጠረ ግቢ ነው፣ ከውጭ የሚገባ የለም ይባል ነበር። ያንን አጥር ሦስት ቀን የሚቆይ ሽፍታ አፈረሰው ብሎ ለመቀበል፣ ምስክሮቹም ተራ የሚጠብቁ እናቶች ሲሆኑ፣ ቀላል አልነበረም።

ክርክሩን የዘጉት የስታቲስቲክስ ሰው ናቸው ብል ብዙ አልሳሳትም። ኦሊቨር ላንካስተር የሲድኒ ሰው ናቸው፤ በ1951 የድሮ የሕዝብ ቆጠራ መዝገቦችን ገልጠው ያገኙትን አሳተሙ። በ1911 ቆጠራ ከ10 እስከ 14 ዓመት ባሉ ልጆች መሐል መስማት የተሳናቸው ቁጥር ያለወትሮው ከፍ ብሏል። በ1921 ቆጠራ ደግሞ ያው ከፍታ ከ20 እስከ 24 ዓመት ባሉት ላይ ይታያል፤ ልጆቹ አድገዋል ማለት ነው። መስማት ለተሳናቸው የተከፈቱ ትምህርት ቤቶችን መዝገብ ሲያዩ ብዙዎቹ በ1899 አካባቢ የተወለዱ ናቸው። ያኔ ደግሞ አውስትራሊያ ውስጥ የሩቤላ ወረርሽኝ ነበር። ግሬግ የሰባት ዓመት ልጅ በነበሩበት ጊዜ ማለት ነው። ማንም ሳይጠይቃቸው ያለፉ እናቶች ነበሩ።

ግሬግ በ1953 የሰርነት ማዕረግ ተሰጣቸው። ቫይረሱ በቤተ ሙከራ የተለየው በ1962 ነው፤ በ1964 እና 1965 አሜሪካን የመታው ወረርሽኝ ደግሞ ሲንድረሙ ያለባቸው ወደ 20,000 የሚጠጉ ሕፃናት እንዲወለዱ ምክንያት ሆነ። ክሊኒክ ያገኘኋት ሴት ከእነሱ አንዷ ናት። ሰር ኖርማን ጁላይ 27 ቀን 1966 ሲድኒ ውስጥ ሲያርፉ ክትባቱ ገና ነበር፤ አሜሪካ ላይ የተፈቀደው በ1969 ነው። ከዚያ በኋላ ከኩፍኝና ከጆሮ ደግፍ ክትባት ጋር ተዋህዶ እኛ ሁለት ጊዜ የምንወጋው ኤም ኤም አር ሆነ።

አገራችን ለብዙ ዓመታት ለሕፃናት በመደበኛነት ስትሰጥ የኖረችው የኩፍኝ ክትባትን ብቻ ነው፤ የካርዳችን ነገርም ከዚህ የመጣ ነው። የሩቤላ ክትባት በሌለበት አገር አብዛኛው ሰው በልጅነቱ ተይዞ ያልፋል፤ ያመለጠች ልጅ ግን አድጋ ስታረግዝ አደጋው ይጠብቃታል። ክትባቱን ለጥቂቱ ብቻ መስጠትም የራሱ ጣጣ አለው፤ የበሽታውን ዝውውር በግማሽ ሲቀንሰው የሚያዙ ሰዎች ዕድሜ ከፍ ይላል፣ ወደ መውለጃ ዕድሜም ይጠጋል። የዓለም ጤና ድርጅት ክትባቱን የሚጀምር አገር ከ80 በመቶ በላይ ሕፃናትን ማዳረስ አለበት ሲል ለብዙ ዓመታት የኖረው ለዚህ ነበር።

ከእናንተ መሐል ለእናት ወይም ለአክስት ሆስፒታል ሄዳችሁ የምታስተረጉሙ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። ቋንቋችን እዚህ ጋ ወጥመድ አለው። ኩፍኝ ስንል ትክክለኛውን ኩፍኝም፣ ሩቤላንም፣ አንዳንዴ ያልታወቀ ሽፍታንም ነው። አንዲት እናት ይቺን አርግዤ ኩፍኝ ወጥቶብኝ ነበር ካለች፣ በአንድ የእንግሊዝኛ ቃል ከመተርጎም ስንት ቀን እንደቆየ፣ ስንተኛው ወር ላይ እንደነበር፣ ከጆሮ ኋላ ያበጠ ነገር እንደነበር ብትጠይቋት ይሻላል። ቀስ ብላችሁም ጠይቋት። እኛ አገር ማየት ወይም መስማት የማይችል ልጅ የወለደች ሴት ቡዳ ነው፣ እርግማን ነው፣ የእሷ ኃጢአት ነው ሲባልባት ኖራ ይሆናል፤ ጥያቄው ሌላ ክስ መስሎ ሊሰማት ይችላል። ሽፍታው ግን ከማንም ሊይዛት ይችል የነበረ ነው።

እነዚያ የ1941 ሕፃናት ምን እንደሆኑ ማወቅ ለምትፈልጉ፣ ጠፍተው አልቀሩም። በዚያ ወረርሽኝ ዘመን ከተወለዱት 50ዎቹን የሲድኒ ሐኪሞች ተከታትለው፣ ግሬግ ባረፉ በዓመቱ፣ በ1967 የ25 ዓመት ታሪካቸውን ያንኑ ሲጠራጠር በነበረው ላንሴት ላይ አወጡ። ከጥቂቶች በቀር ሁሉም መስማት የተሳናቸው ነበሩ፤ ብዙዎቹ ሞራ ወይም ያ የተነሰነሰ ሬቲና ነበራቸው። ያም ሆኖ አብዛኞቹ ሥራ ይዘው ራሳቸውን ያስተዳድሩ ነበር፤ ከፊሎቹም ትዳር መሥርተው ልጆች ወልደው ነበር። 60 ዓመት ሲሞላቸው እንደገና ተጠርተው ተመረመሩ። ስኳርና የታይሮይድ ችግር ከሌላው ሕዝብ ይልቅ በዝቶባቸው ተገኘ።